የተቀደደው ጋዜጣ መልሶ ሲገለጥ ብጣሾቹ ይፈሳሉ፤ ምን ይሻላል?

ከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ጋዜጣው ምትሃት ነው፤ ተመልካች ፊት ብጥስጥሱን አውጥቶ መልሶ ሙሉ ስለማድረግ። ዘዴው እዚህ ላለ ሰው አዲስ አይደለም። አንድ ዓይነት ሁለት ቅጠል ይወሰዳል፣ አንዱ ተጣጥፎ ከሌላው ጀርባ ይለጠፋል፣ የፊተኛው ይቀደዳል፣ ከዚያ ጥቅሉ ይዞርና የተደበቀው ይገለጣል። ሳሎን ውስጥ ለአምስት ሰው ያስኬዳል። ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ሁለት መቶ ተማሪ ፊት ግን ይበላሻል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሙሉው በሚገለጥበት ቅጽበት ከኋላ ካሉት ብጣሾች አንድ ሁለቱ መሬት ይወርዳሉ። ሲቀደድም መስመሩ ይጣመምና ድብቁን ይነካዋል፤ አንዳንዴ ድብቁ ራሱ አብሮ ይቀደዳል። ሌላው፣ መጨረሻ ላይ የሚታየው ጋዜጣ በእጥፋት መስመር የተሞላ ነው፤ መጀመሪያ የታየው ደግሞ ለጥ ያለ። ፊት ወንበር ላይ ያለ ልጅ «ያኛው አይደለም!» ይላል፤ ልጁም ልክ ነው። በመጨረሻ ደግሞ «ጀርባውን አሳየን» ሲሉ ማሳየት አይቻልም።

ቅጠሉ ባለ 4 ገጽ ነው፤ ተዘርግቶ 60 በ 40 ሴ.ሜ. ይሆናል። ድብቁ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት እየታጠፈ 15 በ 10 ይሆናል። የሚቀደደው 16 ቦታ ነው። ማጣበቂያው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። «ፍጥነት ጨምር» የሚል መልስ አልፈልግም፤ ፍጥነት ሲጨመር ሁሉም ይብሳል።

ፈላና በር (ሐረር)

ፍጥነቱን ተወው፣ ልክ ነህ። አራቱም ጣጣ የሚያልቀው መድረክ ከመወጣቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከሚፈሱት እንጀምር። ጥፋቱ 16 ቦታ መቅደዱ ነው። አሥራ ስድስት ልቅ ቁራጭ በአንድ አውራ ጣት አይያዝም። 8 ላይ አቁም። የቀረውን ግማሽ አትቅደደው፣ እጠፈው። ቅደም ተከተሉ ይኸው፦

መጀመሪያ ቁመቱን ተከትለህ ከመሐል ቅደድ። ድብቁ ያለበት ግማሽ በቀኝ እጅህ፣ ሌላው በግራህ ይቀራል። የግራውን ከቀኙ ፊት፣ በተመልካቹ በኩል፣ ደርበው። አሁንም ቁመቱን ተከትለህ ቅደድ፤ እንደገና ድብቁ የሌለበት ወደ ፊት ይሄዳል። አራት ረጃጅም ቁራጭ ይዘሃል። ጥቅሉን ሩብ ዙር አዙረህ በአግድም ከመሐል ቅደድ፣ በመጣበት መንገድ መልሰህ አቁመው። ስምንት ቁራጭ፣ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው 20 ሴ.ሜ. ይሆናል፤ ድብቁ ከሁሉም ኋላ፣ የላይኛው ግማሽ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ የታችኛውን 10 ሴ.ሜ. ወደ ተመልካቹ በኩል አጥፈህ ወደ ላይ አምጣው። ስምንቱ ቁራጭ አንድ ላይ ስለታጠፈ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ እንደ ደብተር ቅጠል። ተመልካቹ የሚያየው ብጣሹን ሰብሰብ ስታደርግ ነው።

አንድ ጊዜ ተሳስተህ ቁራጭ ከድብቁ ኋላ ካስገባህ ድብቁ መሐል ይቀራል፤ ስታዞረው የሚታየው ብጣሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ማዳኛ የለውም። ስለዚህ «ባዶው ወደ ፊት» የምትለውን ሦስት ቃል አፍህ ላይ አስቀምጣት።

አሁን ሁለተኛው ጣጣ። ድብቁ 15 ሴ.ሜ. ሰፊ ነው፣ አንተም በ15 ላይ ነው የምትቀደው፤ ታዲያ ቢነካው ምን ይገርማል? ሁለተኛውን የቁም ቅዳጅ ከቀኝ ጠርዝ 17 ሴ.ሜ. ላይ አድርገው። ድብቁ የቀኙን ጠርዝና የላዩን ጠርዝ ገጥሞ ስለተለጠፈ፣ በስተግራው 2 ሴ.ሜ. ትርፍ ይቀርሃል። ይህች ትርፍ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ድብቁን ከቅዳጁ ታርቃለች፤ ከቀደድክና ከታች ካጠፍክ በኋላ ደግሞ እሷኑ ወደ ፊት ታጥፋታለህ፣ የብጣሹን ጠርዝ እንደ ኪስ ትይዘዋለች። ከግራ የመጡት 13 ሴ.ሜ. የሆኑት ቁራጮች ወደዚህ እጥፋት ይጠጉ፤ ወደ ቀኝ ከተውካቸው ትርፏ አትደርስባቸውም።

ትርፏን ሳያጥፉ ማዞር አይቻልም። ጥቅሉ ሲዞር ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ያልታጠፈች 2 ሴ.ሜ. ከሙሉው ጋዜጣ ጠርዝ ውጭ ትታያለች።

የድብቁ አጣጠፍም ይቀየር። ለሁለት፣ ለሁለት የታጠፈ ነገር ሲገለጥ አራት እንቅስቃሴ ይፈልጋል። እንደ ቀሚስ ሽንሽን አድርገው። ቅጠሉን ውጫዊ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፤ የመጨረሻው ገጽ በግራህ፣ ገጽ 1 በቀኝህ። የግራው ላይኛ ጥግ (15 በ 10 የሆነው ቤት) ከሥር የሚቀረው ነው፣ አይነካም። መጀመሪያ ወርዱን አራት ቦታ ሸንሽነው፦ ሁለተኛው በአንደኛው ላይ፣ ሦስተኛው ተመልሶ፣ አራተኛው ከላይ። 15 በ 40 የሆነ ረጅም ነገር ይኖርሃል። ከዚያ ቁመቱን እንዲሁ አራት ቦታ፣ ከላይ ጀምረህ። አሁን ገልብጠህ ብታየው የጥቅሉ ሥር የዚያ ቤት ውስጠኛ ገጽ ነው። የሚለጠፈው ይህ ፊት ብቻ ነው፤ የሚለጠፍበትም የሚቀደደው ቅጠል ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ስታየው ቀኝ ላይኛ ጥግ ነው። የሁለቱም ራስ ወደ ላይ።

የቁመቱ ሽንሽን መጨረሻ ስለታጠፈ መጀመሪያ እሱ ይከፈታል፤ ስትለቀው በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ትንሽ ነቅነቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከዚያ የግራ እጅህ ታችኛውን ነጻ ጥግ ይዞ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ይስባል፤ አለቀ። ያን ጥግ በጣትህ ለማግኘት 1 ሴ.ሜ. ያህል እንደ ውሻ ጆሮ አጥፈው። ዓይንህ ሲፈልገው የተመልካቹም ዓይን አብሮህ ይሄዳል።

ጥቅሉ የሚዞረው እንደ በር ነው፣ ወደ ጎን። እንደ እንጀራ ከገለበጥከው ጋዜጣው ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይወጣል።

ሙጫ ነኝ (ድሬዳዋ)

አቦ ፈላና፣ ይመችህ! 17ቷ ሴንቲ ጥሩ ናት። አንዳንዱ ሰው ድብቁን በመቀስ አሳንሶ ከቅዳጁ ያርቀዋል፤ ይህን ግን ማንም አይሞክር። ማተሚያ ቤት የሚቆርጠው ጠርዝ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ነገር አለው፣ በመቀስ የተቆረጠው ልስልስ ነው፤ ቅርብ ያለ ሰው ይለየዋል፣ የገጹ ነጭ ኅዳግም በአንድ በኩል ይጠባል።

እኔ የምጨምረው ኮላውንና ወረቀቱን ነው።

ነጩ የእንጨት ኮላ ውሃ አለበት። የጋዜጣ ወረቀት ደግሞ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡ በፊት በኩል አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። ተመልካቹ ድብቁን ሳያይ የድብቁን ቅርጽ ያያል። የዱቄት ሙጫም ያው ነው፣ በዚያ ላይ አይጥ ይጠራል። ማስቲሽ አይሸበሽብም፣ ግን ከቀናት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ፊተኛው ገጽ ያልፋል፤ የዛሬን ብቻ ከሆነ ይሁን። ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ሐረር ላይ ጥሩ ነው። ድሬ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ሙጫው ይለሰልስና ከጠርዙ ይወጣል፣ ሽንሽኑን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ስትለቀው አይወርድም። የሚሻለው ተማሪ የሚጠቀምበት ዱላ መሳዩ ኮላ ነው። ውሃው ትንሽ ነው። በአራቱ ጠርዝ 1 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ስስ መስመር፣ መሐሉን ባዶ ተወው። እዚህ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ይደርቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቦታውን በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርግ፣ ኮላውን ቀባ፣ ወዲያው ግጠመው። «ትንሽ ላስተካክል» ካልክ ወረቀቱ ይላጣል።

ከለጠፍክ በኋላ እንፋሎት በሌለው ለብ ያለ ካውያ ከላይ ጫን አድርግ፣ ከዚያ ሌሊቱን ፍራሽ ሥር። 16 ድርብ ነውና በእጅ ብቻ ተጭኖ አይተኛም፤ ያልተኛ ሽንሽን በቅደዳው መሐል ወዳንተ በኩል ይከፈታል፣ እጅህም ሥራ ይበዛበታል። እንዳይከፈት ጥቂት የጧፍ ሰም የሚያስነኩ አሉ። ለሐረር ይሠራል። ድሬ ላይ ሰሙ ይለሰልስና ወረቀቱን እንደ ዘይት ነጠብጣብ ብርሃን አስተላላፊ ያደርገዋል። በሱ ፋንታ 1 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው የዚያው ጋዜጣ ቁራጭ እንደ ቀበቶ በድብቁ ዙሪያ አልፎ ጫፍና ጫፉ ይጣበቅ፤ ድብቁ ከመለጠፉ በፊት ማለት ነው። ስትገልጥ በአውራ ጣትህ ትበጥሰዋለህ። ድምፁ ከጋዜጣው ድምፅ ጋር ይቀላቀላል።

አሁን ስለ መጣመሙ። የጋዜጣ ወረቀት ክር አለው። ከክሩ ጋር ስትቀድ እንደ ሰርገኛ ጤፍ መንገድ ቀጥ ይላል፤ ክሩን አቋርጠህ ስትቀድ እንደ ደቻቱ ወንዝ ይጠማዘዛል። በትልቁ ቅርጽ ጋዜጣ አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። ያንተ 60 በ 40 የሆነው ትንሹ ቅርጽ ግን የትልቁ ግማሽ ነው፣ ገጹ ተጋድሞ ነው የሚታተመው፤ ስለዚህ ክሩ አብዛኛውን ጊዜ አግድም ነው። የቁም ቅዳጅህ የሚጣመመው ለዚህ ነው። አትገምት፣ ከዚያው ጋዜጣ አንድ ትርፍ ቅጠል በሁለቱም አቅጣጫ ቀድደህ እይ።

ክሩ ካልተባበረ መፍትሔው እጥፋት ነው፦ 17ቷ መስመር ላይ አስቀድመህ በጥፍርህ ጠንከር አድርገህ እጠፍ፣ መልሰህ ዘርጋ። ቅዳጁ እጥፋቱን ይከተላል። ላይኛው ጠርዝ ላይ 3 ሚ.ሜ. ያህል አስቀድሞ መንደልም ይረዳል። ስትቀድ ሁለቱ አውራ ጣቶችህ ከቅዳጁ አጠገብ ይሁኑ፣ በየ5 ሴ.ሜ. እየወረዱ። ከላይ ይዞ አንዴ «ሸር» ማድረግ ለጆሮ ያምራል፣ መስመሩ ግን የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ፈላና በር (ሐረር)

የ«ሰርገኛ ጤፍ መንገድ» ምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ የቀረው ሁሉ ልክ ነው።

ሙጫ ያነሳው የእጥፋት ነገር የጥያቄውን ሦስተኛ ጣጣም ይዘጋል። መጨረሻ ላይ ያለው ጋዜጣ ሽንሽን በሽንሽን ነው፤ ያንን ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያውም እንዲሁ ይሁን። ቀድሞውኑ ታጥፎ የመጣ ጋዜጣ ይሁን። ድሬ ላይ ደግሞ ምክንያት መፈለግ አያሻም፦ ሰው ሁሉ ጋዜጣ አጥፎ ይራገብበታል! ስትወጣ በታጠፈ ጋዜጣ እየተራገብክ ውጣ። ማንም ሁለት ጊዜ አያይህም።

አጣጠፉ እንዲህ ነው። ድብቁ ከተለጠፈ በኋላ ቅጠሉን በመሐሉ እንደ መጽሐፍ ዝጋው፤ ውስጠኛው ገጽ ወደ ውስጥ፣ ድብቁም ከሱ ጋር። 30 በ 40 ሆነ። ከውጭኛው ጠርዝ 17 ሴ.ሜ. ላይ እጠፈው፣ ከዚያ ቁመቱን ለሁለት። 17 በ 20 የሆነ ማራገቢያ አገኘህ፣ የመቅደጃ መስመሮችህም ሁሉ በእጥፋት ተሠርተው ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ቅጠል በ17 የታጠፈ፣ የመጨረሻው በ15 የታጠፈ መሆኑን ማንም በሜትር አይለካውም።

አራተኛውም እዚሁ ያልቃል። ማራገቢያውን እንደ ተዘጋ መጽሐፍ እስኪሆን ድረስ ብቻ ዘርጋው። ገጽ 1ን አሳይ፣ አዙረህ የመጨረሻውን ገጽ አሳይ፤ ከዚያ ውጭኛው ገጽ ወደ ተመልካቹ ሆኖ ክፈተው። «ሁለቱንም ገጽ አይቻለሁ» ብሎ ያምናል። ያየው ግን ውጭውን ብቻ ነው። በመጨረሻም ሙሉውን ከገለጥክ በኋላ እንደገና እንደ መጽሐፍ ዝጋውና በሁለቱም በኩል አሳየው፤ ብጣሹ ውስጥ ነው። «ጀርባውን አሳየን» ለሚለው ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም፤ ሳይጠይቅ አሳይተኸዋል።

ሳቢያን ማታ (ድሬዳዋ)

አጭር ነገር፣ ግን መድረኩን የሚያበላሸው ይህ ነው፦ ብርሃንና ቬንትሌተር።

የጋዜጣ ወረቀት ስስ ነው። ከኋላህ መስኮት ወይም አምፖል ካለ 16ቱ ድርብ ጥቁር አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ሳትቀድ ትጋለጣለህ። አዳራሽ ውስጥ መጀመሪያ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ እይ፣ ከዚያ መቆሚያህን ምረጥ። ከኋላህ መጋረጃ ወይም ግድግዳ ይሁን፣ ብርሃኑ ከፊት። በተጨማሪ ቅጠሉን ስትመርጥ የመጨረሻው ገጽ ውጭኛ ላይኛ ጥግ ላይ ትልቅ ጠቆር ያለ ፎቶ ወይም ማስታወቂያ ያለበትን ውሰድ። ድብቁ የሚቀመጠው ከዚያ ጀርባ ነው። ነጭ ቦታ ያለበት ጥግ ጠላትህ ነው።

ቬንትሌተር ሥር አትቁም። ከላይ የሚመጣው ነፋስ የተዘረጋውን ቅጠል ያወዛውዘዋል፤ ድብቁ ያለበት ጥግ ግን ክብደት ስላለው አይወዛወዝም። አንዱ ጥግ ብቻ ሞቶ ሲታይ ሰው ሳያውቀው ዓይኑ እዚያ ይሄዳል። ማስጠፋት ካልቻልክ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ውጣ። ወይም ሁልጊዜ ያንን ጥግ በእጅህ ይዘህ ሌላውን ጥግ አወዛውዝ።

እጅህ ላይ ላብ ካለ ቀለሙ ይለቃል። የጋዜጣ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ እንደ መጽሔት ቀለም አይደርቅም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ጋዜጣ መቅደድ ለአጣቢው ነው የሚከብደው።

ከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

አቦ ይመቻችሁ። በ17ና በእጥፋቱ ሲሠራ ቅዳጁ ቀጥ ይላል፣ ብጣሹም አይፈስም። የቀረው ሁለት ነገር ነው። ጥቅሉን ማዞሩ ይታያል፤ «አሁን አዞረው» ይባላል። ሁለተኛ፣ ሁለት አንድ ዓይነት ቅጠል ሁልጊዜ ማግኘት ያስቸግራል፤ አሮጌ ጋዜጣ በኪሎ የሚሸጥበት ቦታ ጥንድ አይገኝም፤ ቢገኝም ቀለሙ ይለያያል።

ሙጫ ነኝ (ድሬዳዋ)

ከሁለተኛው፣ ከጥንዱ ልጀምር፤ ቀላል ነው። ጋዜጣ አዟሪ ጋ የአንድ ቀን ዕትም ሁለት ኮፒ ግዛ። ባለ 16 ገጽ ጋዜጣ 4 ቅጠል ነው፤ ስለዚህ ከሁለት ኮፒ 4 ጥንድ ይወጣል። ገጽ 1 ያለበት አንዱ ለመድረክ፣ ሦስቱ ለልምምድ። ልምምዱ በባዶ ወረቀት ወይም በሌላ ጋዜጣ አይሁን፤ ክሩም ውፍረቱም ይለያል።

ስም ያለበትን ገጽ ውጭ ማድረግ ዋጋ አለው። ለምሳሌ አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተም ነውና ስሙን አያትም የልጅ ልጅም ያውቀዋል። በፈላና አጣጠፍ ገጽ 1 በግራ እጅህ በኩል ስለሚሆን መጨረሻ የሚከፈተው እሱ ነው፤ የኋላ ወንበር የሚያየው የመጨረሻ ነገር የጋዜጣው ስም ይሆናል። መጠኑን ግን ለካው፤ ከ60 በ 40 ከተለየ ቁጥሩን ቀይር፦ ወርዱ ለ4 ሲካፈል የድብቁ ስፋት፣ በዚያ ላይ 2 ሴ.ሜ. ሲደመር የቅዳጁ ቦታ።

ቀለሙ የሚለያየው በፀሐይ ነው። ይህ ወረቀት ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ያልወጣለት ስለሆነ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። አንዱን ኮፒ መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠህ በሳምንት ሁለት ጋዜጣ ይሆኑብሃል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ጨለማ ቦታ። ተዘጋጅቶ ያለቀውን በሁለት ካርቶን መሐል አስገብተህ ተሸከመው። ባጃጅ ላይ ጉልበት ሥር የተጣጠፈ ጋዜጣ ሳቢያን ሰፈር ሲደርስ አልቆለታል።

ፈላና በር (ሐረር)

ማዞሩ የሚታየው ለብቻው ስለምታደርገው ነው። ቀድደህ፣ አጥፈህ፣ ቆም ብለህ፣ አዙረህ፣ ገለጥክ። የቆምክባት ቅጽበት ናት የምትሸጥህ።

ከሌላ እንቅስቃሴ ጋር አጣብቀው። ትርፏን ወደ ፊት ስታጥፋት ጥቅሉ በግራ እጅህ ነው፤ ቀኝ እጅህ ከላይ ይዞት ወደ ተመልካቹ ይዘረጋል፣ «እፍ በሉበት» ትላለህ። የተዘረጋው ክንድ ወደ ደረትህ ሲመለስ አንጓው በተፈጥሮው ይዞራል። እዚያ ላይ ነው የሚዞረው፣ ሲመለስ፤ ሲሄድ አይደለም። ሰው እጅ ወደሱ ሲመጣ ያያል፣ ሲመለስ ፊትህን ያያል። ልጆቹም እፍ እያሉ እየሳቁ ነው። ከዚያ ወዲያው ሳትገልጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። ዞሮ ወዲያው ከተገለጠ ሰው መልሶ ያስበዋል፤ ሁለት ሰከንድ ካለፈ «ከመጀመሪያው እንደያዘው ነው» ይላል።

ሲገለጥ የቀኝ አውራ ጣትህ ከኋላ ብጣሹ ላይ፣ አራቱ ጣት ከፊት። መጨበጥ አያስፈልግም፣ ተጫን ብቻ፤ የጨበጠ እጅ ጥጉን ይሸበሽበዋል። ቀበቶውን በጥስ፣ ሽንሽኑ ይውረድ፣ በግራ ጥጉን ፈልገህ ሳብ።

ጂን አንደርሰን የተባለው አሜሪካዊ ምትሃተኛ ያስታወቀው፣ በአንድ ቅጽበት «ቧ» ብሎ የሚገለጠው ሌላ አጣጠፍ ነው። ከዚህ ጋር አታደባልቁት፤ የሱ ድብቅ የተለጠፈበትም የታጠፈበትም መንገድ የራሱ ነው። ግማሹን ከዚያ፣ ግማሹን ከዚህ የወሰደ ሰው ጋዜጣው መሐል ላይ ይሰካበታል። ለትምህርት ቤት ቀስ ብሎ የሚወርደው ይበቃል፤ እንደውም ስሙ ቀስ ብሎ ሲወጣ ልጆቹ እያነበቡ ይከተሉታል።

ወሬውን ደግሞ አሳጥረው። ድሬም ሐረርም አዳራሽ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረርኛ የሚሰማ አብሮ ተቀምጧል። በቃል ላይ የቆመ ቀልድ ግማሹን ሰው ጥሎ ይሄዳል። ከወጣህ እስክትገባ ሦስት ነገር ብቻ ተናገር፣ በአራቱም ቋንቋ አንድ አንድ ቃል ጣል አድርግ፤ የቀረውን ጋዜጣው ይናገረዋል። የቅዳጁ ድምፅ ለሁሉም አንድ ነው።

ሳቢያን ማታ (ድሬዳዋ)

ከገለጥክ በኋላስ? ብጣሹ ውስጥ ያለበትን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ ከጣልከው ከፊት ወንበር አንዱ መጥቶ ይከፍተዋል። የድሬ ልጅ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሙጫ ነኝ (ድሬዳዋ)

እንደ መጽሐፍ ዘግተህ ካሳየህ በኋላ እንደ ለውዝ መሸጫ ጥቅልለው። ብጣሹ ያለበት ጥግ ወደ ውስጥ ገብቶ በሁለቱ ግድግዳ መሐል ይቀራል፤ ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ላይ መልሰህ እጠፈው፣ ያልታጠፈ ሾጣጣ ይላላል። ከዚያ ከኪስህ እፍኝ የባቢሌ ለውዝ ጨምርበትና ከፊት ላሉት አካፍል። ከነቅርፊቱ የሆነውን ውሰድ፣ የተላጠ ከሆነ የጋዜጣው ቀለም ይነካዋል። ለውዙን ለልጆቹ፣ ጥቅሉን ለራስህ። ባዶውን ጨምቀህ ኪስህ ክተተው።

ከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

ለውዙ ከሾጣጣው ሲወጣ ብጣሹ አብሮ አይመጣም?

ሙጫ ነኝ (ድሬዳዋ)

ከላይ አፉ ካፈሰስከው አይመጣም፤ ብጣሹ ያለው በግድግዳው ውስጥ ነው፣ የጠቀለልከውም ጣትህ ይዞታል። ሾጣጣውን ስትጠቀልል ግን የቅጠሉ ክፍት ጠርዝ ወደ ውስጥ፣ የታጠፈው መሐል ወደ ውጭ ይሁን። ተገላቢጦሽ ከሆነ ጠርዙ ይላላና ጫፉ ብቅ ይላል። ሁለት ሦስቴ በልምምዱ ቅጠል ሞክረው፣ ለውዙን ጨምረህ።